ለአንዲት ልጅ በእጅ የተጻፈው መጽሐፍ የብዙ ሕፃናት ርስት ሆነ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል እውነትነቱ በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአንዲት ጀልባ ላይ በቃል የተነገረ ተረት፣ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ «ይጻፍልኝ» ብላ ባትለምን ኖሮ፣ እንደ ሌሎቹ ተረቶች ሁሉ በዚያው ሰሞን ተረስቶ ይቀር ነበር። በእጅ ስለ ተጻፈ ግን ከአንድ ቤት ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ገበያ፣ ከብዙ ዘመንም በኋላ ወደ ሐራጅ አዳራሽ ደረሰ። ውቅያኖስ ተሻግሮ ከአገሩ ወጣ፤ ዋጋው ከፍ አለ፣ ዝቅም አለ፤ በመጨረሻም በገንዘብ የሄደው በምስጋና ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህ የእጅ ጽሑፍ በዓለም ሕፃናት ዘንድ «አሊስ በድንቅ አገር» ተብሎ ለሚታወቀው መጽሐፍ መነሻ የሆነው ነው። ታሪኩም ለልጆች ብቻ የሚነገር አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋና የአንድ ዕቃ ክብር ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት እንደሚረዳዱ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ለሚነግድም ለሚያስተዳድርም ሰው የሚያሳስበው ነገር አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መምህሩና ሦስቱ እኅትማማቾች

ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን የተወለዱት በ1832 ዓ.ም. ነው። በኦክስፎርድ ከተማ ክራይስት ቸርች በተባለው ኮሌጅ ተምረው በዚያው የሒሳብ መምህር ሆኑ፤ በ1861 ዓ.ም. ደግሞ የዲቁና ማዕርግ ተቀበሉ። ጠባያቸው ቍጥብ፣ አነጋገራቸው የሚደናቀፍ፣ ሥራቸው ግን በሥርዓት የተያዘ ሰው ነበሩ። የሚልኩትንና የሚቀበሉትን ደብዳቤ ሁሉ በተራ ቍጥር የሚያስገቡበት መዝገብ ነበራቸው፤ በ1898 ዓ.ም. ሲሞቱ የመዝገቡ ቍጥር 98,721 ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል። ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ገና አዲስ በነበረበት በዚያ ዘመን እርሳቸው ከታወቁት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ነበሩ። ለሒሳብ መጻሕፍታቸው በእውነተኛ ስማቸው ሲፈርሙ፣ ለግጥማቸውና ለተረታቸው ግን ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ ሉዊስ ካሮል የሚለውን የብዕር ስም ይዘው ነበር።

በዚያን ጊዜ የኮሌጁ አለቃ ሄንሪ ጆርጅ ሊደል ነበሩ። እኒህ ሰው ከባልደረባቸው ከሮበርት ስኮት ጋር ሆነው ያዘጋጁት የጥንታዊ ግሪክኛ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ የሊቃውንት መሣሪያ ነው። ከልጆቻቸው መካከል ሎሪና፣ አሊስና ኢዲዝ የተባሉት ሦስቱ እኅትማማቾች ከመምህሩ ጋር ይወዳጁ ነበር፤ መምህሩም ፎቶግራፍ ያነሷቸዋል፣ ተረት ይነግሯቸዋል፣ አልፎ አልፎም በወንዝ ላይ ያንሸራሽሯቸዋል።

በ1862 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በ4ኛው ቀን መምህር ዶጅሰንና ወዳጃቸው ቄስ ሮቢንሰን ዳክዎርዝ ሦስቱን ልጆች በጀልባ አሳፍረው በኦክስፎርድ ከሚገኘው ከፎሊ ድልድይ ተነሥተው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጎድስቶው ቀዘፉ። በወንዙ ዳር ሻይ ጠጡ፤ ወደ ኮሌጁም የተመለሱት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነበር። በመንገድ ላይ ልጆቹ ተረት ንገሩን እያሉ ስላስቸገሩ፣ መምህሩ ያልተዘጋጁበትን ታሪክ ከአፋቸው እየፈለሰፉ ነገሯቸው። ተረቱም አሊስ የምትባል ልጅ ኮት የለበሰና የኪስ ሰዓት የያዘ ነጭ ጥንቸል አይታ ተከትላው ስትሮጥ ጕድጓድ ውስጥ ገብታ፣ ከምድር በታች እንስሳት የሚናገሩበትና የካርታ ንግሥት የምትገዛበት አገር ስለ ማየቷ የሚተርክ ነው።

ልጆቹ ከዚህ በፊት ብዙ ተረት ሰምተዋል፤ ሁሉም በሰሙበት ቀን አልቋል። የ10 ዓመቷ አሊስ ግን ይህኛው እንዲቀርላት ፈልጋ «ይጻፍልኝ» ብላ መምህሩን ለመነች። መምህሩም በማግሥቱ ወደ ሎንዶን በባቡር ሲሄዱ የታሪኩን ክፍሎች ርእስ በወረቀት ላይ አሰፈሩ።

የሁለት ዓመት ሥራ

ጽሑፉን በደንብ መጻፍ የጀመሩት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ13ኛው ቀን እንደ ነበረ የዕለት ማስታወሻቸው ይመሰክራል። ሐሳባቸው ለገና በዓል ለማድረስ ነበር፤ አልሆነላቸውም። ቃሉ ተጽፎ ያለቀው በሚከተለው ዓመት በየካቲት ነው፤ ሥዕሎቹ ደግሞ እስከ 1864 ዓ.ም. መስከረም ድረስ ቈዩ። መምህሩ የሥዕል ትምህርት ያልተማሩ ሰው ስለ ነበሩ ሥዕሉ ከጽሑፉ ይልቅ ብዙ ድካም አስከተለባቸው።

መጽሐፉ 90 ያህል ገጽ ያለው ሲሆን በአራት ምዕራፍ ተከፍሏል፤ በውስጡም መምህሩ በራሳቸው እጅ የሣሏቸው 37 ሥዕሎች ይገኛሉ። ፊደሉ ለልጅ ዓይን እንዲመች እንደ ኅትመት ፊደል ተለያይቶና ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። ሥዕሉ ለብቻው፣ ቃሉ ለብቻው አይደለም፤ ልጅቱ በምትረዝምበት ቦታ ሥዕሏ የገጹን ርዝመት ትሞላለች፤ ቤቱ ሲጠብባት ደግሞ በሥዕሉ ክፈፍ ውስጥ ተጨናንቃ ትታያለች። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጸሓፊውና ሠዓሊው አንድ ሰው ሲሆን ቃልና ሥዕል አንዱ ሌላውን አይጋፋምና። በመጨረሻው ገጽ ላይ መምህሩ አሊስ 7 ዓመት ሲሆናት ያነሷትን ፎቶግራፍ ቈርጠው ለጠፉበት። ከፎቶግራፉ ሥር በእጃቸው የሣሉት የልጅቱ መልክ ተሸፍኖ መኖሩ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ነው። መልኳን መሳል እንደ ፈለጉት ስላልሆነላቸው በፎቶግራፍ እንደ ሸፈኑት ይገመታል።

ሥራው ሲፈጸም ነገሩ እንደ ተጀመረበት ጊዜ አልነበረም። በ1863 ዓ.ም. በበጋ በመምህሩና በአለቃው ቤት መካከል የነበረው ወዳጅነት ቀዝቅዞ ነበር፤ የዚያ ሰሞን ታሪክ የተጻፈበት የዕለት ማስታወሻ ገጽም ተቈርጦ ወጥቷል። አሊስም 12 ዓመት ሞልቷት ነበር። ቢሆንም መምህሩ የገቡትን ቃል አላጠፉም። መጽሐፉን ለውድ ልጅ በአንድ የበጋ ቀን መታሰቢያ የተሰጠ የገና ስጦታ መሆኑን በመግቢያው ላይ ጽፈው፣ በ1864 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን ላኩላት። ርእሱም «የአሊስ ጀብዱ ከምድር በታች» የሚል ነበር። ይህን ሁሉ የደከሙት ለአንድ አንባቢ ነው፤ ከአንድ ቅጂም በቀር አልነበረም።

ከስጦታ ወደ ገበያ

መጽሐፉ ገና በመጻፍ ላይ ሳለ ሌሎች ሰዎች አይተውት ነበር። ደራሲው ጆርጅ ማክዶናልድ ታሪኩን ለልጆቻቸው ባስነበቡ ጊዜ፣ ልጃቸው ግሬቪል የዚህ ዓይነት መጽሐፍ 60 ሺህ ቢኖር እወድ ነበር ማለቱ ይታወቃል። ይህን የመሰለ ምስክርነት መምህሩን ወደ ኅትመት ገፋፋቸው። በ1863 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አሌክሳንደር ማክሚላን ከተባሉት አሳታሚ ጋር ተገናኙ። ለኅትመት ሲያዘጋጁትም ታሪኩን እጥፍ በሚያህል አሰፉት፤ አራቱ ምዕራፎች 12 ሆኑ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የምትስቀው ድመትና የእብዶቹ የሻይ ግብዣ በእጅ ጽሑፉ ውስጥ የሉም፤ ለኅትመቱ የተጨመሩ ናቸው። በንግሥቲቱ ጨዋታ ላይ ኳስ ለመምቻ የሚያገለግሉት አእዋፍ በእጅ ጽሑፉ ሰጎኖች ሲሆኑ፣ በታተመው መጽሐፍ በፍላሚንጎ ተለውጠዋል።

የውሉ አኳኋን ነጋዴዎች ሊመለከቱት የሚገባ ነው። አሳታሚው በኮሚሲዮን ይሸጣል እንጂ ለሥራው ገንዘብ አያወጣም፤ የኅትመቱ ወጪ በሙሉ፣ ኪሳራውም ጭምር፣ በደራሲው ላይ የሚወድቅ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ በራሳቸው ሥዕል ለማሳተም አስበው ነበር፤ ነገር ግን የእንጨት ቀራጭ የሥዕል ዐዋቂ እንዲፈልጉ መከራቸው። ስለዚህ ፓንች በተባለው ጋዜጣ የታወቁትን ሠዓሊ ጆን ቴኒየልን ለመኑ፤ እርሳቸውም 42 ሥዕሎች ሠሩ። ሥዕሎቹን በእንጨት ላይ የቀረጹት ዳልዚየል የተባሉት ወንድማማቾች ናቸው።

በ1865 ዓ.ም. በበጋ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት 2,000 ቅጂ ታተመ። መምህሩ ከጀልባው ጕዞ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ 4 ቀን እንዲደርስ አድርገው በነጭ ብራና የተጠረዘ አንድ ቅጂ ለአሊስ ላኩ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ግን ቴኒየል ሥዕሎቹ በደንብ አልታተሙም ብለው ተቃወሙ። መምህሩ የሠዓሊውን ቅሬታ ተቀብለው፣ ለወዳጆቻቸው የሰጧቸውን ቅጂዎች መልሱልኝ ብለው፣ ሥራው በሎንዶን በሌላ ማተሚያ ቤት እንደገና እንዲታተም ወሰኑ። ይህን ያደረጉት ባለጸጋ ሆነው አይደለም፤ በደመወዝ የሚተዳደሩ የኮሌጅ መምህር ነበሩ።

በዚያ ጊዜ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ያሰፈሩት ሒሳብ ይህ ነው። ለሥዕሉ 138 ፓውንድ፣ ለቀረጻው 142 ፓውንድ፣ ለኅትመቱ 240 ፓውንድ፣ ለመጠረዣና ለማስታወቂያ 80 ፓውንድ ያህል፤ ድምሩ 600 ፓውንድ። ከሽያጩ 500 ፓውንድ ቢገኝ 100 ፓውንድ ይጐድላል፤ በተጣለው በፊተኛው እትም የሚደርሰው ሌላ 100 ፓውንድ ሲጨመርበት ኪሳራው 200 ይሆናል። ሁለተኛ 2,000 ቅጂ ታትሞ ቢሸጥ ወጪው 300፣ ገቢው 500 ፓውንድ ስለሚሆን ሒሳቡ ይተካከላል። ከዚያ ወዲያ የሚሸጠው ትርፍ እንደሚሆን ዐውቀዋል፤ እዚያ ይደርሳል ብለው ግን ተስፋ አላደረጉም።

አዲሱ እትም በኅዳር ወር 1865 ዓ.ም. ወጣ፤ ዋጋው 7 ሺልንግ ተኩል ነበር። መምህሩ ተስፋ ያላደረጉት ሁሉ ሆነ። መጽሐፉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መታተሙ ተቋርጦ አያውቅም፤ በ1869 ዓ.ም. በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ተተረጐመ፤ ዛሬ የተተረጐመባቸው ቋንቋዎች ከ170 በላይ ናቸው። የተጣለው እትምም ቢሆን ከንቱ አልቀረም። ያልተጠረዙት ገጾች ኒውዮርክ ለሚገኝ አፕልተን ለተባለ የመጻሕፍት ነጋዴ ተሸጡ፤ ተመላሽ የሆኑት ቅጂዎች ደግሞ ለሕሙማን ማረፊያ ቤቶች ተሰጡ። ከዚያ እትም ዛሬ መኖራቸው የታወቀው ሃያ ያህል ብቻ ስለ ሆኑ፣ በጕድለታቸው የተጣሉት ቅጂዎች ከመልካሞቹ በብዙ እጥፍ የከበሩ ሆነዋል።

አደራ ጠባቂዋ

የእጅ ጽሑፉ በዚህ ሁሉ ጊዜ በባለቤቷ ዘንድ ነበር። አሊስ አድጋ በ1880 ዓ.ም. ሬጂናልድ ሃርግሪቭስ የተባሉ ባለ ርስት አግብታ፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭስ ተብለው በሃምፕሽር አውራጃ ይኖሩ ነበር። በ1885 ዓ.ም. መምህር ዶጅሰን ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤ ጽፈው፣ የእጅ ጽሑፉ እንዳለ በፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲታተም ፈቃዳቸውን ጠየቁ። ደራሲው ጸሓፊም ሠዓሊም ሳሉ የባለቤትነቱን መብት ለተቀባይዋ ጠብቀው ፈቃድ መጠየቃቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ወይዘሮዋም ፈቅደው መጽሐፉን ላኩላቸው።

ሥራው ቀላል አልሆነም። ገጾቹን ወደ ዚንክ ሰሌዳ ለመገልበጥ የተዋዋለው ሰው ከሰሌዳዎቹ ከፊሉን ሳያስረክብ ለወራት ተሰወረ። የሆነ ሆኖ ትክክለኛው ቅጂ በ1886 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ታትሞ ወጣ፤ የእጅ ጽሑፉም ለወይዘሮዋ ተመለሰ። ከዚህ ቅጂ የሚገኘው ትርፍ ለታመሙ ሕፃናት ሆስፒታሎችና ማገገሚያ ቤቶች እንዲውል መምህሩ ወሰኑ። ለአንዲት ልጅ የተሠራው መጽሐፍ በዚህ መንገድ ለብዙ ሕፃናት ጠቀመ።

ከዚያ በኋላ የመከራ ዘመን መጣ። ወይዘሮ ሃርግሪቭስ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አለንና ሊዮፖልድ የተባሉት ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሜዳ ሞቱ። በ1926 ዓ.ም. ባላቸው ዐረፉ፤ የውርስ ግብርና የትልቁ ቤት ወጪ በመበለቲቱ ላይ ወደቀ። ከ60 ዓመት በላይ የጠበቁትን የልጅነታቸውን ስጦታ ለመሸጥ የቈረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ውሳኔ ማንም ሊነቅፍባቸው አይችልም፤ ንብረቱ የእርሳቸው ነበር፣ ችግሩም የእርሳቸው ነበር።

ሐራጁ የተደረገው በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን በሎንዶን በሶዝቢ አዳራሽ ነው። የመነሻ ዋጋው 4,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ተጫራቾች እየጨመሩ ሄደው በ15,400 ፓውንድ ቆመ። የገዙት ከአሜሪካ ከፊላዴልፍያ የመጡት ዝነኛው የመጻሕፍት ነጋዴ ዶክተር ሮዘንባክ ነበሩ። መጽሐፉን የማስቀረት ምኞት የነበራቸው እንግሊዛውያን ከአገር ሲወጣ ቆመው አዩት።

በአሜሪካ የቈየባቸው ዓመታት

በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 15,400 ፓውንድ ወደ 75 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይሆናል። ዶክተር ሮዘንባክ የእጅ ጽሑፉን ከፊተኛው የ1865 እትም ሁለት ቅጂዎች ጋር አድርገው 150 ሺህ ዶላር በሚያህል ዋጋ ለኤልድሪጅ ጆንሰን ሸጡት። ጆንሰን ቪክቶር የተባለውን የሸክላ ማጫወቻ ኩባንያ ያቋቋሙ ሰው ናቸው፤ የጌታውን ድምፅ ከግራሞፎን ሲያዳምጥ የሚታየው ውሻ የኩባንያው ምልክት ስለ ነበረ በብዙ አገር ገበያ ይታወቃል።

ወይዘሮ ሃርግሪቭስ በ1932 ዓ.ም. የመምህር ዶጅሰን መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር በ80 ዓመታቸው ወደ ኒውዮርክ ተጋብዘው ሄዱ፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዐረፉ። «ይጻፍልኝ» ብለው በመለመናቸው ብቻ ዓለም ያከበራቸው ሴት ነበሩ።

ጆንሰን በ1945 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የእጅ ጽሑፉ በ1946 ዓ.ም. በኒውዮርክ እንደገና ለሐራጅ ቀረበ። አሁንም የገዙት ዶክተር ሮዘንባክ ናቸው፤ ዋጋው ግን 50 ሺህ ዶላር ነበር። ገበያ የሚያከብረውን ገበያ ራሱ እንደሚያዋርደው ይህ ሒሳብ ይመሰክራል፤ መጽሐፉ ግን በ1928ም ሆነ በ1946 ያው መጽሐፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከንግድ መንገድ ወጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሉተር ኢቫንስ የእጅ ጽሑፉ መኖሪያው እንግሊዝ አገር መሆን እንደሚገባው አምነው በጎ አድራጊዎችን አስተባበሩ፤ ዶክተር ሮዘንባክም በዚሁ ተባበሩ። ገንዘቡ ተዋጥቶ መጽሐፉ ተገዛ፤ ለእንግሊዝ ሕዝብም በነጻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ምክንያቱ አሜሪካ ለጦርነት ገና በምትዘጋጅበት ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ሂትለርን ለብቻው ተቋቁሞ ስለ ቆየ፣ ለዚያ ውለታ ምስጋና እንዲሆን ነው። ኢቫንስ ራሳቸው ይዘውት ሄደው በ1948 ዓ.ም. ኅዳር 13 ቀን በብሪቲሽ ሙዚየም አስረከቡ፤ ስጦታውን የተቀበሉት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። መምህሩ የመጀመሪያውን ቃል መጻፍ ከጀመሩበት ዕለት ጀምሮ ሲቈጠር ልክ 86 ዓመት ሆኖ ነበር።

ስለ መመለስ

የብሪቲሽ ሙዚየም የመጻሕፍት ክፍል በ1973 ዓ.ም. ተለይቶ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሆነ፣ የአሊስ መጽሐፍ ዛሬ የሚገኘው በሎንዶን በዚህ ቤት ነው። ገጾቹም በፎቶግራፍ ተነሥተው ከየትም አገር ለሚመለከታቸው ሰው ክፍት ሆነዋል።

በዚሁ ቤት ውስጥ በግዕዝ የተጻፉ፣ ብዙዎቹም በሐረግና በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች ይገኛሉ። አመጣጣቸው ከዚህ ባሕር ዳርቻ ጋር የተያያዘ ነው። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከምፅዋ በስተደቡብ በዙላ ወርዶ ወደ ደጋው ወጣ፤ በ1868 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከአምባው የተወሰደው ንብረት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ የሐራጁም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የተላኩ የሙዚየሙ ሰው በዚያ ስለ ነበሩ፣ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ከዚህ ዘመቻ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። በ1872 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስ በደብዳቤ በጠየቁ ጊዜ አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል፤ የቀሩት ግን በዚያው ናቸው።

ሁለቱ ሐራጆች በስም አንድ ቢሆኑም በፍሬ ነገር የተለያዩ ናቸው። በሎንዶኑ ሐራጅ የሸጡት ባለ ንብረቷ ናቸው፤ ዋጋውንም የተቀበሉት እርሳቸው ነበሩ። በደላንታው ሐራጅ ግን ሻጩ ባለ ንብረት አልነበረም፤ መጻሕፍቱን ያስጻፉት አብያተ ክርስቲያናትና ነገሥታትም ከዋጋው አንዳች አላገኙም። በንግድ ሕግ ፊት በሙሉ መብት የተገዛውን መጽሐፍ እንኳ አሜሪካውያን መመለስ ይገባዋል ብለው መለሱት። በ1948 ዓ.ም. ይህን ስጦታ በክብር የተቀበለው ቤት፣ መጽሐፍ ወደ ተጻፈበት አገር ሲመለስ የሚሰጠውን ደስታ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ቤት ነው።

በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ የጸሓፊው ጊዜ፣ የዓይኑ ብርሃንና የገባው ቃል ይገኝበታል። መምህር ዶጅሰን ሁለት ዓመት የደከሙት ለአንዲት ልጅ ቃላቸውን ለመጠበቅ ነበር፤ ለትርፍ ባሳተሙት ጊዜ ግን ኪሳራ ነበር ያሰሉት። ትርፉም፣ ዝናውም፣ የሐራጁም ዋጋ ከዚያ ቃል መጠበቅ በኋላ የመጡ ናቸው። አባቶች «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ወራሹ ማን እንደ ሆነ መጠየቅን አልከለከሉም፤ የአሊስ መጽሐፍ ወራሹን አግኝቷል፤ የመቅደላ ብራናዎች ግን ወራሻቸውን ገና ይጠብቃሉ።